የፍራፍሬ ዝንብን በማባበያ ርጭት መከላከል የአንድ ማሳ ሳይሆን የአካባቢ ሥራ ነው

ከላዩ ሲያዩት አንዳች እንከን የማይታይበት ማንጎ ተቆርጦ ሲከፈት ውስጡ በነጫጭ እጮች ተወርሮ መገኘቱ ለሸማቹ የአንድ ዕለት ብስጭት ነው። ለአምራቹ ግን ወራት ሲጠብቀው የነበረ ገቢ ከደጁ ሲበሰብስ ማየት ነው። ጉዳዩ ድንበር ሲሻገር ደግሞ በአንድ ሣጥን ውስጥ የተገኘች አንዲት እጭ የመላውን ጭነት መመለስ፣ አልፎም የገበያ መዘጋትን ልታስከትል ትችላለች። የዚህ ሁሉ መነሻ በመጠኗ ከተራ የቤት ዝንብ ብዙም የማትበልጠው የፍራፍሬ ዝንብ ናት።

ይህን ተባይ ለመቆጣጠር ከሚመከሩት ዘዴዎች አንዱ ለዝንቡ ምግብ የሚሆን ነገር ከጥቂት ፀረ-ተባይ ጋር ተደባልቆ በዛፉ አንድ ክፍል ላይ ብቻ የሚረጭበት የማባበያ ርጭት ነው። አሠራሩ ከመደበኛው ርጭት ይልቅ ወጪ ቆጣቢና በተመጋቢው ጤናም ሆነ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ መሆኑን ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀመ ልምድ ያሳያል። ይሁንና ዘዴው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በኬሚካሉ ብርታት ብቻ አይደለም። በአንድ አካባቢ የሚገኙ አምራቾች በተመሳሳይ ጊዜ መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸው ወሳኝ ነው። ጉዳዩን ከአርሶ አደሩ ማሳ አውጥቶ የወረዳና የቀበሌ አመራሩ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው።

በአሁኑ ወቅት በአፍሪካ ከፍተኛ ጉዳት በማድረስ ላይ የሚገኘው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተባለው የእስያ የፍራፍሬ ዝንብ በአህጉሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ በ2003 በኬንያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ ነው በማለት «ወራሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ሰጥተውት የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2015 ግን ቀደም ሲል በእስያ ከሚታወቀው ዝርያ ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጦ ስሙ ተስተካክሏል። ዝንቡ በበኩሉ ስሙ እስኪጣራ አልጠበቀም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሐራ በታች የሚገኙ አብዛኞቹን ሀገሮች አዳርሷል። ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ፓፓያና አቮካዶን ጨምሮ በርካታ የለሙና የዱር ፍራፍሬዎችን የሚያጠቃ በመሆኑ የአንዱ ፍራፍሬ ወቅት ሲያልፍ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ከእርሱ በፊት የነበሩትና አፍሪካ በቀል የሆኑት የፍራፍሬ ዝንቦች፣ በተለይም በስሙ የሜዲትራኒያን ቢባልም መነሻው አፍሪካ የሆነው ዝርያ፣ ዛሬም ከቦታቸው አልጠፉም።

የዝንቡን የሕይወት ዑደት መረዳት የቁጥጥሩን ሥራ ግማሹን የመረዳት ያህል ነው። ሴቷ ዝንብ በጅራቷ ጫፍ በሚገኘው ስል አካል የፍሬውን ቆዳ ወግታ እንቁላሎቿን ከሥሩ ታስቀምጣለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ተፈልፍሎ እጩ የፍሬውን ሥጋ እየበላ ያድጋል። ፍሬው ሲበሰብስና ሲወድቅ እጩ ከውስጡ ወጥቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር ይገባና ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይቆያል። ከዚያም ክንፍ አውጥቶ እንደገና ወደ ዛፉ ይመለሳል። በሞቃት አካባቢ ይህ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ የሚጠናቀቅ ሲሆን፣ አንዲት ሴት ዝንብ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች።

ከዚህ ዑደት እንደሚታየው እንቁላሉና እጩ በፍሬው ውስጥ፣ ቀጣዩ ደረጃም በአፈር ውስጥ የተሸሸጉ በመሆናቸው ዛፉን ከላይ እስከ ታች በመድኃኒት ማጠብ አብዛኛውን የተባዩን ቁጥር አይነካም። ይልቁንም መድኃኒቱ ሊለቀም በተቃረበ ፍሬ ላይ ይቀራል። ሌሎች ተባዮችን የሚመገቡ ጠቃሚ ነፍሳትንም ይፈጃል። ማንጎ አምራቾች በዚህ ረገድ የሚያሰጋቸው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ በ2010 በምሥራቅ ወለጋ መከሰቱ የታወቀውና ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች አካባቢዎች የተዛመተው ነጭ የማንጎ ተባይ የተፈጥሮ ጠላቶቹ በዘፈቀደ ርጭት ሲያልቁ የበለጠ የመስፋፋት ዕድል ያገኛል።

የማባበያ ርጭት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንገድ ይከተላል። ፍሬውን ከመጠበቅ ይልቅ ዝንቧን ጠርቶ ያበላታል። ከአፈር የወጣች ሴት ዝንብ ወዲያውኑ እንቁላል መጣል አትችልም። እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ እንቁላሏ እንዲጎለብት ፕሮቲን ያስፈልጋታልና በቅጠልና በቅርንጫፍ ላይ የሚገኙ የፕሮቲን ምንጮችን ስትፈልግ ትውላለች። የማባበያው ሽታ የሚስበው ይህችን የተራበች ዝንብ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ስኳር ከአርሰኒክ ውህድ ጋር ተደባልቆ በፍራፍሬ ዛፎች ላይ ይረጭ ነበር። እ.ኤ.አ በ1952 ሎረን ስታይነር የተባለው ተመራማሪ በሃዋይ በስኳር ፋንታ የተብላላ ፕሮቲን መጠቀም ይበልጥ ውጤታማ መሆኑን በማሳየቱ ዘዴው አሁን የሚታወቅበትን መልክ ያዘ። በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ በ1956 የተከሰተውን የሜዲትራኒያን ዝንብ ለማጥፋት ፕሮቲንና ማላታዮን ተደባልቀው ከአውሮፕላን ተረጭተዋል። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ በ1981 ተመሳሳይ ርጭት በመኖሪያ አካባቢዎች ላይ ሲካሄድ ግን ከነዋሪዎች ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞታል። ከዚያ ወዲህ ማላታዮንን በመተካት በስፋት ጥቅም ላይ የዋለው ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የሚገኘው ስፒኖሳድ ነው። ስፒኖሳድን የያዙ የማባበያ ዝግጅቶች በኦርጋኒክ እርሻ ጭምር የተፈቀዱባቸው ሀገሮች አሉ።

በመጠን ረገድ ያለው ልዩነት ለበጀት ያዥ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ሥነ ሕይወትና ሥነ ምኅዳር ማዕከል (ኢሲፔ) ለማንጎ አምራቾች በሚሰጠው ምክር መሠረት በእያንዳንዱ ዛፍ ቅጠል ላይ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ብቻ የሚረጭ ሲሆን፣ የሚያስፈልገውም 50 ሚሊ ሊትር ገደማ የተበጠበጠ ማባበያ ነው። በ10 ሜትር ርቀት የተተከሉ 100 ዛፎች ላሉት አንድ ሄክታር ማንጎ ይህ ለአንድ ዙር 5 ሊትር ይሆናል። ዛፉን በሙሉ ለማዳረስ የሚደረግ ርጭት በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውኃ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይታከልበታል። አብዛኛው የአርሶ አደሩ ማንጎ ከዘር የበቀለ፣ ያልተገረዘና ከቤት ጣሪያ በላይ የሚዘልቅ ዛፍ በመሆኑ በጀርባ በሚታዘል መርጫ ጫፉ ድረስ ማዳረስ አይቻልም። ማባበያው ግን ጫፉ ላይ መድረስ አያስፈልገውም። ሰው ቆሞ በሚደርስበት ቁመት ባለው ቅጠል ሥር፣ ፍሬው ላይ ሳያርፍ፣ በደቃቅ ጉም መልክ ሳይሆን በደማቅ ጠብታ ቢያርፍ ዝንቧ ራሷ ትመጣለች።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ በየቦታው ለምን አልተሳካም የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ያለው ማባበያው ማንን ይጠራል በሚለው ነጥብ ላይ ነው። ከላይ እንደተገለጸው የምትሳበው በዋናነት ወጣትና የተራበች ዝንብ ናት። በጎረቤት ማሳ ወይም በአጥር ሥር ባለ ዘይቱን ላይ ፕሮቲኗን አግኝታ፣ ከወንዱ ጋር ተገናኝታና እንቁላሏን ተሸክማ የመጣች ዝንብ ግን ለምግብ ያላት ፍላጎት የቀነሰ በመሆኑ ማባበያውን አልፋ በቀጥታ ወደ ፍሬው ትሄዳለች። የማባበያው ሽታ የመሳብ አቅምም ከጥቂት ሜትሮች ብዙም አይዘልም። ስለዚህ በመንደሩ መካከል ለብቻው የሚረጭ አርሶ አደር የራሱን ማሳ ዝንቦች ቢገድልም ከዙሪያው የሚመጡትን አያቆምም። መድኃኒት ገዝቶ፣ በየሳምንቱ ረጭቶ በመጨረሻ ፍሬውን ሲቆርጥ ትል ያገኛል። መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ቢደመድም ሊፈረድበት አይገባም፤ ያየው ይህንኑ ነውና። ጎረቤቱም ከእርሱ ተምሮ ሳይጀምረው ይተወዋል።

ይህን ችግር በመረዳት ሥራውን ከማሳ ወደ አካባቢ ካሳደጉት መካከል ሃዋይ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች። በዚያ እ.ኤ.አ በ2000 ገደማ የተጀመረው መርሐ ግብር የመንግሥት የምርምር ተቋማትን፣ ዩኒቨርሲቲውንና የግዛቲቱን የግብርና መሥሪያ ቤት ከአምራቾች ጋር ያስተሳሰረ ነበር። የማባበያ ርጭት ከሥራዎቹ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የወደቀ ፍሬን ማስወገድ፣ ወንድ ዝንቦችን በሽታ እየሳቡ መግደል፣ ጥገኛ ተርቦችን ማሠራጨትና መኻን የተደረጉ ወንድ ዝንቦችን መልቀቅ እንደየአካባቢው ተቀናጅተው ተተግብረዋል። በዱባና በሐብሐብ ማሳ ዙሪያ በቆሎ ተዘርቶ ማባበያው በበቆሎው ላይ እንዲረጭ የተደረገበት ልምድ በተለይ ትምህርት ሰጪ ነው። ዝንቦቹ ሌሊቱን የሚያሳልፉት ከማሳው ውጪ ባሉ ረዣዥም ተክሎች ላይ መሆኑ በመታወቁ መርዙ ከምግብ ሰብሉ ላይ ተነስቶ ወደ ማደሪያቸው ሄደ። በሌላ በኩል በዚያው በሃዋይ ስፒኖሳድ ለዓመታት ብቻውን በብዛት በተረጨባቸው ማሳዎች መድኃኒቱን የተላመዱ ዝንቦች መገኘታቸው ማባበያው ብቻውን የሁልጊዜ መፍትሔ አለመሆኑን አሳይቷል።

የጎረቤት ኬንያ ልምድ ለኢትዮጵያ ይበልጥ ይቀርባል። ኬንያ ዝንቡ ከገባባት ከአራት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2007፣ የደቡብ አፍሪካን የአቮካዶ ገበያ አጥታለች። እ.ኤ.አ በ2014 ደግሞ ዝንቡ በማንጎ ጭነቶች ላይ በተደጋጋሚ በመገኘቱ የአውሮፓ ኅብረት ገበያውን ከመዝጋቱ በፊት ራሷ ወደዚያ የምትልከውን ማንጎ ለማቆም ተገደደች። ወደ ገበያው የተመለሰችው ከሰባት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ በ2021 ነው። በእነዚህ ዓመታት ማኩዌኒን በመሳሰሉ ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ከዝንብ ነጻ የሆኑ ወይም የዝንቡ ቁጥር አነስተኛ የሆነባቸው ቀጣናዎችን ለመፍጠር ተሠርቷል። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከመስከረም 2019 ጀምሮ ማንጎ ላኪ ሀገሮች ፍሬው ከዝንቡ ነጻ ከሆነ አካባቢ ወይም ማሳ መምጣቱን፣ አለዚያም ውጤታማ ሕክምና የተደረገለት መሆኑን እንዲያረጋግጡ ማስገደድ ጀምሯል።

እዚህ ላይ «ነጻ አካባቢ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። እ.ኤ.አ በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና መለኪያ ቁጥር 26 ከፍራፍሬ ዝንብ ነጻ የሆነ አካባቢ እንዴት እንደሚቋቋምና እንደሚጠበቅ ይዘረዝራል። መለኪያው የሚጠይቀው የወጥመድ መረብን፣ መደበኛ ቆጠራን፣ የተክል ዝውውር ቁጥጥርንና የተሟላ መዝገብን ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ባለሀብትም ሆነ አንድ ማኅበር ብቻውን ሊያሟላቸው የማይችል የመንግሥት ሥራዎች ናቸው።

ወደ ሀገር ውስጥ ስንመለስ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በአሶሳና በሐረርጌ አካባቢዎች ማንጎ የሚበቅልበት መልክዓ ምድር ለዚህ ዓይነቱ የጋራ ሥራ የራሱ ፈተናም ዕድልም አለው። ፈተናው የዛፎቹ መበታተን ነው። ማንጎና ዘይቱን በማሳ ብቻ ሳይሆን በጓሮ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጸድ ውስጥ ይገኛል። የማንም ያልሆነ የሚመስለው ዛፍ ነው የዝንቡ ዋነኛ መጠጊያ የሚሆነው። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አርሶ አደሩን አስተባብሮ ሲያስረጭ የራሱ ግቢ ዘይቱን ሥር የወደቀው ፍሬ ካልተለቀመ ድካሙ በአጥሩ በኩል ይመለሳል። ዕድሉ ደግሞ የአደረጃጀቱ መኖር ነው። የልማት ሠራተኛ በየቀበሌው ተመድቧል፤ ሕዝቡም በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በተወሰነ ቀን ተሰብስቦ አብሮ መሥራትን ለዓመታት ለምዷል። የማባበያ ርጭት የሚፈልገው ይህንኑ ልምድ በአነስተኛ ጉልበት፣ ነገር ግን በየሳምንቱ ሳይቋረጥ መድገም ነው።

የወደቀ ፍሬን መልቀም ከርጭቱ የማይተናነስ ሥራ ነው። በአንድ ማንጎ ውስጥ በርካታ እጮች ሊያድጉ ስለሚችሉ ከዛፉ ሥር የተተወ ፍሬ በቀጣዩ ወር ለሚመጣው ዝንብ መፈልፈያ መሆኑ ነው። የተለቀመው ፍሬ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ሊቀበር ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ለፀሐይ ሊሰጥ ይችላል። በቅርብ ለታሰሩ ከብቶች መስጠትም ሌላው አማራጭ ነው። በዚህ ረገድ የከተማ አስተዳደሮች ድርሻ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም። ሆኖም ከየአካባቢው ተጭኖ የመጣ ማንጎና ብርቱካን የሚራገፍበት ገበያ ብልሹውን ፍሬ ከዳር ደፍቶ የሚያድር ከሆነ፣ ዝንቡ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በክንፉ ሳይሆን በጭነት መኪና ነው።

ሌላው ጥያቄ የአቅርቦት ነው። የተዘጋጀ ማባበያ ከውጭ ሲገባ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። የማባበያው ዋነኛ ክፍል የሆነው ፕሮቲን ግን ከቢራ ፋብሪካ ከሚወጣው የእርሾ ተረፈ ምርት ሊዘጋጅ እንደሚችል በአውስትራሊያ፣ በቶንጋና በቬትናም የተሠሩ ሥራዎች ያሳያሉ። በኬንያም ከዚሁ ተረፈ ምርት የተሠራ ማባበያ ለገበያ ቀርቧል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር እርሾውን በሙቀት ገድሎ፣ ከፓፓያ ወተት በሚገኘው ፓፓይን በሚባል ኢንዛይም አብላልቶ ማወፈር ነው። ከደብረ ብርሃን እስከ ሐዋሳ የቢራ ፋብሪካዎች ባሉባት፣ ፓፓያም በቆላማ አካባቢዎቿ በሚበቅልባት ሀገር ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። የምርምር ተቋማትና ፋብሪካዎቹ ከተቀናጁ የሚጎድለው የፀረ-ተባዩ ክፍል ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በመጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መነሳት አለበት። የማባበያው ሐሳብ ቀላል መሆኑ በየቤቱ ስኳርና ያገኙትን መድኃኒት በጥብጦ የመርጨት ፍላጎት ሊያሳድር ይችላል። ስኳር የገባበት መርዝ ንቦችን ይጠራል፤ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀምጦ ከተገኘ ደግሞ ሕፃናትንም ይጠራል። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ-ተባይ ጥቅም ላይ እንዳይውል የሚከለክለውም እንዲህ ያለውን አደጋ በማሰብ ነው። ስለሆነም ማባበያው በተመዘገበ ዝግጅት፣ በሠለጠነ የቀበሌ የርጭት ቡድን አማካይነት ቢረጭ ለእያንዳንዱ ቤት መድኃኒት ከማደል የተሻለ ይሆናል።

የክትትልና የሪፖርት ሥርዓቱም ከዚሁ ጋር መታየት ይኖርበታል። ይህን ያህል ሊትር ተሠራጨ፣ ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ የሚል ሪፖርት ለዓመታዊ ዕቅድ አፈጻጸም ቢመችም ዝንቡ ስለመቀነሱ የሚናገረው ነገር የለም። ሜቲል ዩጂኖል በተባለው ወንዱን ዝንብ በሚስብ ንጥረ ነገር የተዘጋጀ ወጥመድ በየማሳው ሰቅሎ በሳምንት የተያዘውን ዝንብ መቁጠር፣ በለቀማ ጊዜም ከተወሰነ ቁጥር ፍሬ ውስጥ ስንቱ ትል እንደያዘ መርምሮ መመዝገብ ከባድ ወጪ የማይጠይቁ መለኪያዎች ናቸው። ከተረጨውና ካልተረጨው ቀበሌ የተገኘው ቁጥር ጎን ለጎን ሲቀመጥ አርሶ አደሩም ሆነ ኃላፊው የሚከራከርበት ነገር አይኖርም።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። በኢሲፔ ምክር ርጭቱ የሚጀመረው የማንጎው ፍሬ ገና 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለቀማው እስኪያበቃም በየሳምንቱ ይቀጥላል፤ ዝናብ ካጠበውም ይደገማል። ይህ ማለት ማባበያው በወረዳው መጋዘን መገኘት ያለበት አበባው በዛፉ ላይ ሳለ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ፣ ፍላጎት ተሰብስቦ፣ ጨረታ ወጥቶና አሸናፊው ተለይቶ ዕቃው ሲደርስ ፍሬው መቅላት ከጀመረ የተገዛው ማባበያ የሚያገኘው እንቁላሏን ጥላ የጨረሰች ዝንብ ይሆናል። በመሆኑም የግዥው የጊዜ ሰሌዳ ከፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ይልቅ በየአካባቢው ከሚታየው የማንጎ አበባ ወቅት ተነስቶ ወደ ኋላ መቆጠር ይኖርበታል።